ከመዝገብ ቤት ላስቲክ እስከ አይሮፕላን ክንፍ



በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤና መዝገብ የሚታሰርባት አንዲት ቀጭን ላስቲክ አለች። ጸሐፊው ያነሣታል፥ ይጥላታል፤ ስትበጠስም ሌላ ይተካባታል እንጂ ከወዴት እንደ መጣች የሚጠይቅላት ሰው የለም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህች ላስቲክ ነው። ይኸውም ሰው በአየር ላይ ለመሄድ ባደረገው ረጅም ድካም ውስጥ እርስዋ ያላት ድርሻ ከመጠንዋ እጅግ የበለጠ ስለ ሆነ ነው፤ ደግሞም በአዲስ ከተማ በመርካቶ ከሚገኘው ተራ ዕቃ ጋራ ተጣምራ በአዳራሽ ውስጥ የምትበር ትንሽ አይሮፕላን ለመሥራት ዛሬም ስለምታገለግል ነው። በዚህ ንግግር የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ታሪክ በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንናገራለን።

ላስቲክ የሚገኘው ከዛፍ ወተት ነው። የደቡብ አሜሪካ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። ነገር ግን ጥሬው ላስቲክ በብርድ ጊዜ ይደርቃል፥ በሙቀት ጊዜ ይጣበቃልና ለዘላቂ ሥራ አይመችም ነበር። በ1839 ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ ላስቲክን ከድኝ ጋራ በእሳት ቢያሞቀው ይህ ክፉ ጠባዩ እንደሚለቀው አወቀ። ከስድስት ዓመት በኋላም፥ በ1845፥ እስቲፈን ፔሪ የሚባል የሎንዶን ሰው ወረቀት ማሰሪያ የሚሆን የላስቲክ ቀለበት አውጥቶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እንግዲህ ይህች ላስቲክ ስትወለድም የጸሐፊዎች ረዳት ሆና ነው የተወለደችው ማለት ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ላስቲክ ወደ አየር ያወጣው ግን አልፎንስ ፔኖ የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት ነው። የባሕር ኀይል አድሚራል ልጅ ሲሆን፥ የዳሌ ሕመም ስለ ነበረበት እንደ አባቱ ወደ ባሕር ኀይል ለመግባት አልቻለም፤ ስለዚህ አሳቡን ወደ አየር መለሰ። በዚያ ዘመን የነበረው ብርቱ ችግር የሞተር ነገር ነበር። የእንፋሎት መኪና ጕልበት ነበረው፤ ነገር ግን የራሱ ክብደት የራሱን ጕልበት ይበላው ነበር። ፔኖም እንዲህ ሲል አሰበ፦ የበረራን ሕግ ለመማር የግድ ታላቅ ሞተር አያስፈልግም፤ ጥቂት ጊዜ የሚሠራ፥ ነገር ግን ቀላል የሆነ ሞተር ይበቃል። ላስቲክ ደግሞ ሲገመድ ጕልበት ይቀበላል፥ ሲፈታ የተቀበለውን ይመልሳል፤ ከሰል አይሻም፥ ውኃ አይሻም፥ ክብደቱም ከምንም አይቈጠርም።

ነሐሴ ወር ውስጥ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ኦገስት 18 ቀን 1871፥ ፔኖ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት ያላትን ትንሽ አይሮፕላኑን ይዞ በፓሪስ ቱሊሪ በሚባለው የአትክልት ቦታ የአየር ጕዞ ማኅበር አባሎች በተሰበሰቡበት ቀረበ። ላስቲኳን ገምዶ ለቀቃት። እርስዋም ማንም ሳይመራት ሚዛንዋን ጠብቃ 11 ሴኮንድ በረረች። የብልሃቱ ምሥጢር ያለው በጭራዋ ላይ ነበር። ጭራዋ ከክንፍዋ ይልቅ ጥቂት አጎንብሳ ስለ ተተከለች፥ አፍንጫዋ ወደ ታች ሲያዘነብል ጭራዋ ታቀናዋለች፤ አፍንጫዋ ከመጠን በላይ ሲነሣም መልሳ ታወርደዋለች። ዛሬ በሰማይ የምናያቸው ታላላቆቹ አይሮፕላኖች ጭራ የሚሸከሙበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

የፔኖ መጨረሻ ግን የሚያሳዝን ነው። በ1876 ሰው የሚያሳፍር ታላቅ አይሮፕላን ነድፎ የፈጠራ መብቱን ከአንድ ባልንጀራው ጋራ አስመዘገበ፤ ነገር ግን ለማሠሪያው ገንዘብ የሚሰጠው ሰው አላገኘም። ተስፋው ተሟጠጠና በ1880፥ ገና በ30 ዓመቱ፥ በገዛ እጁ ሞተ። እርሱ ሳያውቀው ግን ዘሩ ተዘርቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1878፥ ሚልተን ራይት የሚባሉ አንድ አሜሪካዊ ጳጳስ ከመንገድ ሲመለሱ ለሁለት ልጆቻቸው አንድ መጫወቻ ይዘው ገብተው ነበር። መጫወቻው ከቡሽ፥ ከቀርከሃና ከወረቀት በፔኖ ንድፍ የተሠራ፥ በላስቲክ ኀይል ወደ ጣሪያ የሚወጣ ነበር። ታላቁ ልጅ ዊልበር 11፥ ታናሹ ኦርቪል 7 ዓመታቸው ነበር። መጫወቻው ሲሰበርባቸው አምሳያውን ራሳቸው ሠሩ፤ አሳድገውም ቢሠሩት መጠኑ በተጨመረ ቍጥር አልበር እያለ አስቸገራቸው። ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሃያ አምስት ዓመት ፈጀባቸው። ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ኦርቪል ራይት በራሳቸው ሞተር በምትሠራ አይሮፕላን ተሳፍሮ 12 ሴኮንድ በረረ። የፔኖ መጫወቻ 11፥ የራይት ወንድማማች አይሮፕላን 12 ሴኮንድ! ደግሞ የሚያስደንቀው፥ ኦርቪል የተወለደው የፔኖ አይሮፕላን በቱሊሪ በበረረች ማግስት፥ ኦገስት 19 ቀን 1871 መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. በኤደን የእንግሊዞችን አይሮፕላኖች በረራ ተመልክተው፥ ራሳቸውም ተሳፍረው ከበረሩ ወዲህ ይህ ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ አሰቡ። አሳባቸውም ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈጸመ። በዚያ ቀን አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 የምትባለውን አይሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ቀኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ሲታሰብ ኦገስት 18 ነው፤ የፔኖ ትንሽ አይሮፕላን ከበረረች ልክ 58 ዓመት መሆኑ ነው። ብዙ ሳይቈይ ዩንከርስ የተባለችው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለች፤ በተከታዩም ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ።

ነገር ግን አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ፔኖና የራይት ልጆች ወደ ታላቁ የደረሱት ከትንሹ ተነሥተው ነው፤ ወደ እኛ ግን በረራ የገባው ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ሆኖ ነው። አብራሪ አገኘን፥ ሠሪ ግን ገና ነበር። ይህን ጕድለት ለመሙላት የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ፀሐይ የተባለችው አይሮፕላን ነበረች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ሉድቪክ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆኖ በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ሠራት። 115 የፈረስ ጕልበት ያለው ቫልተር ቬኑስ የተባለ ሞተር ነበራት፤ ስምዋም በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመ። ጊዜው ግን የክፉ ጊዜ ነበር። ጠላት በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ወረራውን ጀምሮ፥ በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ፀሐይም ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች፤ ኋላም በሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ በአየር ኀይል ሙዚየም ውስጥ ለተመልካች ቆማ ኖረች። ወደ አገርዋ እንድትመለስ የተረከብናት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው፤ 88 ዓመት መሆኑ ነው።

በእነዚያው በአምስቱ የወረራ ዓመታት ውስጥ ሌላም ነገር ሆኖአል። ቀድሞ የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የኢጣሊያ መንግሥት ግን ኢትዮጵያዊውን ከአውሮፓዊው ለይቶ ለማኖር ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። መርካቶ የሚለው ስምም በራሳቸው ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ዘመን፥ በአንድ እጅ፥ በከተማችን የተሠራች አይሮፕላን ተወስዳ ለመናቅ የታሰበ ገበያ ተተከለልን። ሕዝቡ ግን ከየማዕዘኑ መጥቶ ገበያውን የራሱ አደረገው። በተለይ ምናለሽ ተራ የተባለውን ክፍል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቁራሌው ከየቤቱ «ምን አለሽ?» እያለ የሰበሰበው አሮጌ ነገር ሁሉ በዚያ ሁለተኛ ሕይወት ያገኛል፤ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፥ ቆርቆሮ ምድጃና ኩራዝ ይሆናል፥ የተጣመመ ብረት ይቀናል። ዕቃውን የሚሠሩት ሰዎች ንድፍ በወረቀት ባያነሡም፥ ክብደትን በእጃቸው ጥንካሬን በጣታቸው መመዘን ያውቃሉ። የፔኖ ትምህርት የሚሻው እንዲህ ያለውን ጣት ነው።

ስለዚህ ከልጁ ወይም ከወንድሙ ልጅ ጋራ ትንሿን አይሮፕላን ለመሥራት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ከመርካቶ ሊሰበስብ ይችላል። ለአካልዋ 35 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው በቢላዋ የቀጠነ ቀርከሃ፤ ለክንፍዋና ለጭራዋ ጠርዝ ባልቴቶች መሶብ የሚሰፉበት ስንደዶ፥ ይኸውም ውስጡ ባዶ፥ ውጭው ጠንካራ ስለ ሆነ ነው፤ ለልባሷ የስጦታ ዕቃ የሚጠቀለልበት ስስ ወረቀት፤ ለመጋጠሚያ ጥቂት ሙጫ፤ ለፕሮፔለሩ መዘውር ቀጭን ሽቦ፤ በሽቦውና በአፍንጫዋ መካከል ሳይፋተግ እንዲዞር አንዲት ዶቃ። ፕሮፔለሩ ራሱ ከተጣለ የፕላስቲክ እርጎ ኩባያ ሊቈረጥ ይችላል። የኩባያው ጎን ክብ ስለ ሆነ በሰያፍ የተቈረጠ ቅጠል አየር ለመግፋት የሚስማማውን ጥምዝ ይዞ ይገኛል።

ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40፥ ስፋትዋ 9 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ ጫፎችዋም ጥቂት ወደ ላይ ቢቀኑ፥ ጭራዋም የክንፏን አንድ ሦስተኛ ያህል ብታክል ለጀማሪ ይስማማል። ወረቀቱ የሚለጠፈው በላይ በኩል ብቻ ነው። ክንፉን ከአካሉ ጋራ በሙጫ መድፈን አይገባም፤ ወደፊትና ወደኋላ ለማንሸራተት እንዲቻል በክር ይታሰር። ዋናው ደንብ ግን ቅለት ነው። ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ቢመዘን ከ10 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ወደ 5 ግራም፥ ማለት ወደ 100 የውኃ ጠብታ ክብደት፥ ከተጠጋ እጅግ መልካም ነው። አንድ ጠብታ ሙጫ በጨመርን ቍጥር አንድ ሴኮንድ እንደምንቀንስ እናስብ።

ሞተሩስ? ሞተሩ በጠረጴዛችሁ ላይ ነው። አንዳንድ ሰው የብስክሌት ካላማዳሪያ ቀጭን አድርጎ መቍረጥን ይመርጣል፤ ነገር ግን የዛሬው ካላማዳሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አየር እንዳያሳልፍ ከተደረገ ሰው ሠራሽ ላስቲክ ስለ ሆነ፥ የተቀበለውን ጕልበት አሟልቶ አይመልስም። ከዛፍ ወተት የተሠራው የመዝገብ ላስቲክ ይሻላል። ሁለት ሦስቱን ቈርጦ፥ ጫፍ ለጫፍ አስሮ፥ ከፕሮፔለሩ እስከ ኋለኛው ሜንጦ ካለው ርቀት ጥቂት የሚረዝም ቀለበት ማድረግ ነው። እርስ በርሱ ተፋትጎ እንዳይበጠስ ጥቂት የጉሎ ዘይት ይቀባል። ፀሐይና ሙቀት ላስቲክን ያበላሹታልና ጨለማና ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት የሚፈተንበት ሰዓት ይመጣል። በመጀመሪያ ላስቲኩ ሳይገመድ አይሮፕላንዋ በእጅ ቀስ ተብላ ትለቀቅ። በአፍንጫዋ ከተደፋች ክንፉ ጥቂት ወደፊት ይንሸራተት፤ አፍንጫዋን አንሥታ ቆማ ከወደቀች ክንፉ ወደኋላ ይሳብ። ይህን እየደጋገሙ በለስላሳ መንገድ እስክትወርድ መጠበቅ ነው። ከዚያ ላስቲኩ መቶ ዙር ይገመዳል፤ ነገሩ ከተቃና በየጊዜው ይጨመራል። ፕሮፔለሩ በአንድ ወገን ሲዞር አካልዋ በተቃራኒው ወገን መዞር ስለሚሻ፥ ከግድግዳ እንዳትጋጭ በግራ በኩል ክብ እየሠራች እንድትወጣ የጭራዋን ቋሚ ወረቀት ጥቂት ወደ ግራ ማጠፍ ይበቃል።

የምትበርበት ቦታ ነፋስ የሌለበት አዳራሽ ይሁን። የትምህርት ቤት መሰብሰቢያ፥ የቀበሌ አዳራሽ፥ ከሥራ ሰዓት ውጭም የመሥሪያ ቤት አዳራሽ ይሆናል። በርና መስኮት ይዘጋ፤ የሰው ትንፋሽና እርምጃ እንኳ ይህችን ቀላል ነገር ያናውጣታል። ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ስለ ሆነች፥ አየርዋ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፍን አሟልቶ አይደግፍምና በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን መጠን በቀጥታ የሚገለብጥ ሰው አይሮፕላኑ ስትፈጥንበትና ቶሎ ስትወርድበት ያያል። እኛ ዘንድ ክንፉ ጥቂት ሰፋ፥ ክብደቱ ጥቂት ቀነስ ማለት አለበት። ፖቴዝ ይዞ የመጣውን ማዬን የፈተነው ይኸው ቀጭን አየር ነበር፤ ዛሬም በቦሌ የሚነሣውን ታላቅ አይሮፕላን ይፈትነዋል።

ይህ ነገር የልጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ነገር ልንጨምርለት እንወዳለን። በውጭ አገር በዚህ ጥበብ የዓለም ሻምፒዮና ይደረጋል። የውድድሩ አይሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ55 ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት ግን ያለ ላስቲኩ 1 ነጥብ 4 ግራም ብቻ ነው። ከባልሳ እንጨት ተሠርታ ከሳሙና አረፋ በማይለይ ስስ ሽፋን የምትለብስ ሆና ከሰው ዝግተኛ እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት ትሄዳለች፤ የፕሮፔለርዋንም ዙር በዐይን ለመቍጠር ይቻላል። ለነፋስ እጅግ ስለምትፈራም በሩማኒያ በስለኒክ በመሬት ውስጥ ባለ የጨው ማዕድን ዋሻ ይወዳደሩባታል። ግራም በማይሞላ ላስቲክ ግማሽ ሰዓት ያህል በአየር ላይ ትቈያለች። ከፔኖ 11 ሴኮንድ እዚህ የተደረሰው ላስቲኩ ስለ በረታ ብቻ አይደለም፤ ሠሪዎቹ የማያስፈልገውን ሁሉ መጣል ስለ ተማሩ ጭምር ነው።

በአገራችንም የዚህ ፍላጎት ዘር አልጠፋም። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ በገዛ እጁ ሰው የምታሳፍር አይሮፕላን ለመሥራት 570 ቀን ደክሞ፥ ከቮልስዋገን መኪና በተወሰደ ሞተር ኬ-570ኤ የሚላትን ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. ለሙከራ አቅርቦአል። የመጀመሪያ ሙከራው አልሰመረም፤ ድካሙ ግን የሚከበር ነው። እንዲህ ያለ ልብ ያላቸው ልጆች ገና በስምንትና በአሥር ዓመታቸው በአምስት ግራም አይሮፕላን መቶ ጊዜ ወድቀው መቶ ጊዜ ቢነሡ፥ በኋላ በታላቁ ላይ የሚከፍሉት ዋጋ ምን ያህል በቀነሰ ነበር! በስንደዶና በወረቀት የተደረገ ስሕተት የሚያስከፍለው አንድ ምሽት ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አብራሪዎቻችንና መካኒኮቻችን በዓለም ፊት አስመስግነውናል። የቀረው የሠሪነት ጥማት ነው፤ ይህም በአዋጅ የሚመጣ አይደለም። ፀሐይን ከአገርዋ መውሰድ የተቻለው አንዲት ብቻ ስለ ነበረች ነው። በብዙ ሺህ ልጆች ጣት ውስጥ ያደረ ብልሃት ግን በመርከብ ተጭኖ አይሄድም።

እንግዲህ፥ ክቡራን አድማጮች፥ ነገ ጧት በመሥሪያ ቤታችሁ ያንን የመዝገብ ላስቲክ በእጃችሁ ስትይዙ ጥቂት ገምዳችሁ ልቀቁት። በጣታችሁ ላይ ሲንቀጠቀጥ የምትሰሙት ኀይል ፔኖ በፓሪስ፥ የራይት ልጆችም በአባታቸው ቤት የሰሙት ያው ኀይል ነው። መዝገቡ የመንግሥት ነውና ላስቲኩን ከመዝገቡ ላይ አትፍቱት፤ በመርካቶ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጃችሁን አስከትላችሁ ውረዱ። ስንደዶውን እርሱ ይምረጥ፤ ሲሰበርበትም ዝም በሉት፥ ሁለተኛውን ራሱ ያቀናዋል።